ፀሐይ ሳትወጣ ቱቦውን እዩት

የምስክር ስም፦ ወይዘሮ ፈዲላ ኢስሃቅ
ዕድሜ፦ 49
ሥራ፦ ዓሣ መነገድ
አድራሻ፦ ወሎ ክፍለ ሀገር፣ አምባሰል አውራጃ፣ ሐይቅ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 6 ቀን 1979 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ በሕጻናት ማሳደጊያው የውሃ ማሞቂያ ፈንድቶ ስለሞተው ሙዘይን ኑርዬ

ቃሌን በራሴ እጅ እንድጽፍ ስለጠየቅሁ መርማሪው ሃምሳ አለቃ ሙላት ወረቀት ሰጥተውኛል። መሠረተ ትምህርት ከጨረስሁ በኋላ የማታ ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ስጽፍ ቀስ እላለሁ። እሳቸውም አይዞሽ፣ እጠብቅሻለሁ ብለውኛል።

ወሬው የደረሰኝ ታኅሣሥ 24 ቀን፣ ዓርብ፣ ከቀትር በፊት ነው። ከሐይቁ ዳር ከታንኳ የወረደ ቆሮሶ ዓሣ ተቀብዬ ቅርፊቱን እፍቅ ነበር። የማሳደጊያው ሾፌር መኪናውን አስፋልቱ ላይ አቁሞ በእግሩ ወደ እኔ ወረደ። ይህ ሾፌር በሌላ ቀን ከላይ ጥሩምባ ነፍቶልኝ ነው የሚያልፈው። ሲወርድ ሳየው ቢላዋዬን አስቀመጥሁ።

«እት ፈዲላ፣ ሙዘይንን ትንሽ ሙቅ ውሃ ነክቶት ደሴ ሆስፒታል አድርሰነው መምጣታችን ነው» አለኝ።

«ትንሽ ከሆነ ደሴ ድረስ ምን አስኬደው?» አልሁት።

እሱ ጎንበስ ብሎ ዓሣዬን ወደ ቅርጫቱ ይሰበስብልኝ ጀመር። ያን ጊዜ ነገሩ ትንሽ እንዳልሆነ አወቅሁ። ያው መኪና ጠዋት ወደ ደሴ ሲያልፍ አይቼው እጄን አውለብልቤለት ነበር። ልጄ ውስጡ ተኝቶ እንደነበር አላወቅሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ቤት ውስጥም ብሆን ብድግ እላለሁ።

ልጄ ሙዘይን የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ኑርዬ ከሞተ ጀምሮ እኔን፣ ታናሽ እህቱን ዙሌይካንና ቤቱን የያዘው እሱ ነው። ማሳደጊያው በድርቁ ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ልጆች የሚያድጉበት ሲሆን ያለውም በአምባሰል ደጋ፣ ወደ ግሸን ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። የሠሩት ፈረንጆች አስረክበው ሲሄዱ ከጉድጓድ ውሃ የሚያወጣ ሞተር፣ በእንጨት የሚነድ ትልቅ የውሃ ማሞቂያና ማለስለሻ የሚባል መሣሪያ ትተዋል። ልጄ ይህን ሁሉ የሚጠብቅ ሠራተኛ ነበር።

ማለስለሻው ምን እንደሆነ ለሕግ ክፍል ግልጽ እንዲሆን ልጄ ያስረዳኝን እጽፋለሁ። የዚያ አገር የጉድጓድ ውሃ ድስት ውስጥ ነጭ ቅርፊት ያስቀራል፤ ሳሙናም አረፋ አይሰጥበትም። ቅርፊቱ ማሞቂያውን እንዳያበላሽ ውሃው በማለስለሻው ያልፋል። ማለስለሻው ራሱ ደግሞ በየጊዜው በጨው ውሃ ይታጠባል፣ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። እጣቢው በቱቦ ወደ ውጭ ይፈሳል። ጨው ከባቲ ገበያ በጆንያ ይመጣል።

ባለፈው ኅዳር ልጄን ልጠይቅ ወጥቼ ሦስት ቀን ተቀምጫለሁ። ያረፍሁት በማሳደጊያው ዘበኛ በአቶ አሻግሬ ቤት ነው። አሻግሬና ባለቤቱ ተሾመች የዚያው ቀበሌ ገበሬዎች ናቸው። ልጄ አያ አሻግሬ እያለ ነበር የሚጠራው። ማሞቂያውን ጠዋት ጠዋት የሚያነደውም አሻግሬ ነው። ቅዝቃዜው ለእኔ አዲስ ሆነብኝ። ሙዘይን፣ «እማ፣ እዚህ አገር ሰው ሲናገር ከድምፁ በፊት ጭሱ ነው የሚታየው» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን የአካባቢው ከብት ሁሉ የጨው ውሃ የሚፈስበትን ቦታ ለምዶት ነበር። ሰው ሆራ ፈለቀልን ብሎ ላሙንም በሬውንም እየነዳ ያመጣል። ተሾመችም ላሟን ታመጣ ነበር። «ለእኛ እንኳ ጨው ጠፍቶ መንግሥት ለላም ማደል ጀመረ! ምን አለ እኔም ቀንድ ባበቀልሁ» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እየሳቅን ሳለ በሬዎች ተጋፍተው መሬት ውስጥ የተቀበረውን ቱቦ ረግጠው ሰበሩት። የማሳደጊያው ኃላፊ ጓድ ውበቱም በዚያው ደረሱ።

«ይህ ማሳደጊያ ነው ወይስ የከብት ገበያ?» ብለው ጮኹ። ከብቶቹ ወዲያው እንዲባረሩና ዳግመኛ እንዳይደርሱ አዘዙ። ከዚያ ለልጄ፣ «ቱቦውን ከመሬት አውጣና በእንጨት ላይ ስቀለው። ከብት በማይደርስበት ወደ ገደሉ ይፍሰስ» አሉት።

ልጄም፣ እጃችን ላይ ያለው ቱቦ ገደሉ ድረስ አይበቃም አለ። ጓድ ውበቱም የማሞቂያውን የትንፋሽ ቱቦ ፈትቶ እንዲቀጥልበትና ሁለቱን በአንድ መስመር እንዲያወጣቸው ነገሩት። የትንፋሽ ቱቦ ማለት ማሞቂያው ሲፈላ እንፋሎቱና ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ነው።

«ጓድ፣ የማሞቂያው ትንፋሽ ለብቻው ይሁን ብሎ ነው ፈረንጁ ያስጠነቀቀን» አላቸው ልጄ።

«ፈረንጁ ሄዷል። ያለሁት እኔ ነኝ» አሉ። እኔ ከአሻግሬ ጋር ከአጥሩ ሥር ቆሜ በጆሮዬ የሰማሁት ነው።

አሻግሬም ዝም አላለም። «ጌታዬ፣ የዚህ አገር ውርጭ ክፉ ነው፤ ከመሬት ወጥቶ ያድራል ወይ?» አለ። ከዚያ ጥቂት አሰበና ራሱ መልሶ፣ «ግን ጨው አለበት። ጨው ያለበት ውሃ በረዶ ሆኖ አይረጋም መሰለኝ» አለ። ልጄም ልክ ነው አለው። የሐይቅ ልጅ ነው፤ ውሃ ሲረጋ አይቶ አያውቅም። ጓድ ውበቱም «እንግዲያው ምን ያስጨንቃችኋል?» ብለው ሄዱ። ወፍራሙ ጥቁር የላስቲክ ቱቦ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ወደ ገደሉ ሲዘረጋ አይቼ ነው ወደ ሐይቅ የወረድሁት። በእንጨቶቹ መካከል እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረገብ ብሎ ነበር።

ወደ ሆስፒታሉ ልመለስ። ዓርብ ማታ ከዙሌይካ ጋር ስንደርስ ልጄ ራሱን አያውቅም ነበር። ከደረቱ እስከ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ፊቱን አልነካውም። ጓድ ውበቱ ከአጠገቡ ቆመው ነበር። ልጄን ከፈላው ውሃ ውስጥ ጎትተው ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ እጃቸውም ተቃጥሎ በፋሻ ታስሯል። ይህንም የጻፍሁት እውነት ስለሆነ ነው።

ቅዳሜ ሙዘይን ነቃ። ውሃ ጠየቀኝና በጥጥ ከንፈሩን አራስሁለት። ከዚያ እኔ ሳልጠይቀው ይነግረኝ ጀመር። ዙሌይካም ነበረች። የነገረኝ እንዲህ ነው።

ዓርብ ጠዋት አሻግሬ እንደ ልማዱ ሊያነድ ሲመጣ ቱቦውን በእጁ ነካው። ጠጥሮ አገኘው። ሙዘይንም ነካው፤ እንደ አጥንት ነው አለኝ። አሻግሬ፣ «እንዳታነድ። ይህ ነገር ረግቷል። ቤት ሄጄ ፍምና እርጥብ ገለባ ላምጣና ከሥሩ እናጭስበት» ብሎት ሄደ። የዚያ አገር ሰው ውርጭ በአዝመራው ላይ ሲወርድ እርጥብ ገለባ አጭሶ ነው የሚያባርረው። አሻግሬ ያሰበው ያንኑ ነው።

እሱ እንደሄደ ጓድ ውበቱ መጡ። ከደሴ እንግዶች መንገድ ጀምረዋል፣ ልጆቹ ገና አልታጠቡም። «ሙቅ ውሃው የታል?» አሉ።

«ቱቦው ረግቷል ጓድ። አያ አሻግሬ ቆይ ብሎኝ ነው» አላቸው።

«የሚያዝህ ዘበኛ ነው ወይስ እኔ? ጨው ያለበት ውሃ አይረጋም ያላችሁኝስ እናንተ አይደላችሁም? አንድድ!»

ልጄ አነደደ።

ይህን ሲነግረኝ እጄን ያዘኝ። «እማ፣ እኔ ነኝ ያነደድሁት። አያ አሻግሬ አልነበረም። መጨረሻ ላይ የሚያልፈው ማለቅለቂያው እኮ ንጹሕ ውሃ ነው። በረገበው ቦታ ላይ የቀረው እሱ ነው። ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ» አለኝ። ማሞቂያው ፈላ፤ መተንፈሻ አልነበረውም፤ ልጄ በማንደጃው በር ላይ ቆሞ እያለ ፈነዳ። ቀጥሎም፣ «የሐይቅ ልጅ በረዶ ገደለው ብለው ይስቁብኛል» አለ። ሊስቅ ሞክሮ አመመው። ዙሌይካ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰች። እሑድ ጠዋት ሙዘይን ነፍሱ ወጣች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ዕለቱን ሐይቅ አምጥተን ቀበርነው።

አሻግሬ መታሰሩን የሰማሁት ከቀብር በኋላ ነው። ማሞቂያው የፈነዳው ፍሙንና ገለባውን ተሸክሞ ሲመለስ ነው። የሮጠ ሰው ሁሉ እሳትና ገለባ በእጁ አየ። ደግሞ ዋዜማውን ማታ ውርጩን ፈርቶ የቱቦውን ጫፍ በጆንያ ጠቅልሎት ነበር። መርማሪዎች ከቀትር በኋላ ሲደርሱ በረዶው ቀልጦ የሚታየው እርጥብ ጆንያ ብቻ ሆነ። ላሟ ከጨው ስለተባረረችበት ቂም ይዞ ቱቦውን በጆንያ ደፍኖ የሕዝብ ንብረት ላይ አሻጥር ሠራ ተባለ።

ለቅሶ ላይ ሳለን ተሾመች ከደጋ በእግሯ መጣች። ሴቶቹ ሲያዩዋት ፊታቸውን አዞሩ። አንዷም፣ «ባሏ ገድሎ እሷ ታለቅሳለች!» አለች። ተሾመች በረንዳው ላይ ጫማ የተወለቀበት ቦታ ቁጭ አለች። እኔ ተነሥቼ፣ «ተሾመች፣ ግቢ እንጂ። ልጄ በቤትሽ ሲበላ ኖሯል፤ አንቺ በቤቴ ውጭ አትቀመጪም» ብዬ ከጎኔ አስቀመጥኋት። እሷም በጆሮዬ፣ «እት ፈዲላ፣ አሻግሬ ቱቦውን ሸፈነው እንጂ አልደፈነውም። ጆንያው የቤቴ ነው፤ የገብስ ገለባ የማኖርበት ነው» አለችኝ።

በማግሥቱ ጓድ ውበቱ መጥተው ከጓሮ ብቻዬን አነጋገሩኝ።

«እናቴ፣ ፖሊስ ይጠይቅዎታል። ያነደደው አሻግሬ ነው ብሎ ሙዘይን ነግሮኛል ቢሉ ይበቃል። ልጅዎ በሥራ ላይ የተሰዋ ጓድ ተብሎ ይመዘገባል። ዙሌይካም አሥራ ሁለተኛ ጨርሳ ተቀምጣለች፤ በእሱ ቦታ ትቀጠራለች።»

«ባልልስ?» አልኋቸው።

የታሰረ እጃቸውን አዩ። «ያነደደው ልጅዎ ነው ካሉ አጥፊው ልጅዎ ይሆናል። ሞቶም አይተውትም። እኔ ሳልወድ ነው የምነግርዎ» አሉ።

ማታ ለዙሌይካ ነገርኋት። እሷም፣ «እማ፣ ሙዘይን አይመለስም። አያ አሻግሬ ግን አንድ ቀን ይፈታል። እኛስ በምን እንኖራለን?» አለችኝ። አልተቆጣኋትም። ብተኛ እንቅልፍ የለኝም፤ ብቀመጥ እግሬ አይቀመጥም። ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ለተሾመች፣ «ተነሺ፣ ቱቦውን አሳዪኝ» አልኋት። ሰዉ ለቅሶ ጥላ ወዴት ትሄዳለች አለኝ። ይበል።

በእህል መኪና ተሳፍረን፣ ቀሪውን በእግር ወጥተን ተሾመች ቤት አደርን። ጎህ ሲቀድ ገደሉ ዘንድ ሄድን። ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ነበር። ቱቦው እንደተሰቀለ ነው። ረገብ ያለው ቦታ ላይ በሁለት እጄ ይዤ ላጎብጠው ብሞክር እንቢ አለኝ። ውስጡ ያለው ውሃ በየቀኑ ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት ይረጋል፤ የሚወጣበት የለም። ጫፉ ላይ ቀርቶ የረጋ እንደ ጣት ያለ በረዶ ሰብሬ በሻሼ ጠቀለልሁት። በሕይወቴ በረዶ ከሰማይ ሲወርድ አይቻለሁ እንጂ ከቱቦ ስሰብር የመጀመሪያዬ ነው። ልጄን የገደለው ይህ ነው ብዬ ያዝሁት። እጄ ደነዘዘ፤ አልለቀቅሁትም።

ወደ ጓድ ውበቱ ቢሮ እየሮጥሁ ሄድሁ። እስኪመጡ በር ላይ ቆምሁ፤ ፀሐይዋም ወጣች። እሳቸው ሲመጡ ሻሼን ስፈታው እርጥብ ጨርቅ ነው።

«ውሃ ነው» አሉኝ።

«አዎ፣ ውሃ ነው። ጠዋት ግን እንዲህ አልነበረም» አልኋቸው።

እርጥቡን ሻሽ ለብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ያወቁት መሰለኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እናቴ፣ ቱቦው ለልጆቹ አደገኛ ነው። ከጥምቀት በፊት እናወርደዋለን» አሉኝ።

በቀትር ተመልሼ ቱቦውን ያዝሁት። ለስላሳ ሆኖ እንደ ገመድ ጎበጠልኝ፤ ውስጡ ውሃው ሲንቦጫቦጭ ተሰማኝ። ከእኔ ጋር ጠዋትም ቀትርም ያየችው ተሾመች ናት። የእሷ ቃል የተከሳሽ ሚስት ናት ተብሎ እንደማይታመን ተነግሮናል። ስለዚህ ከዚያው በቀጥታ ወደዚህ ጣቢያ መጣሁ።

ፖሊስ የጠየቀኝን ሁሉ መልሻለሁ። እኔም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ቱቦው ከመውረዱ በፊት ሰው ላኩ። ከቀትር በኋላ አትሂዱ፤ ያኔ የምታዩት ጆንያ ብቻ ነው። እዚያው እደሩና ፀሐይ ሳትወጣ እዩት። በእጃችሁ ያዙት። ውርጩም ወሩ እያለቀ ነው፤ ካለፈ እስከ መጪው ኅዳር የሚያሳይ የለም፤ አሻግሬ ግን እስከዚያ እስር ቤት ነው። ሃምሳ አለቃ ሙላት፣ «ነገ ማታ እኔ ራሴ ወጥቼ አድራለሁ» ብለውኛል። እንዲጻፍ ጠይቄአቸው ጻፊው ብለዋል።

እሳቱን ያነደደው ልጄ ሙዘይን ነው። አንድድ ያሉት ጓድ ውበቱ ናቸው። አታንድድ ያለው አሻግሬ ነው። ልጄ በአፉ የነገረኝን ከዚህ በታች አላደረግሁትም፣ ከዚህ በላይም አልጨመርሁበትም። ዙሌይካም የሰማችውን ለመመስከር አብራኝ መጥታ ውጭ ተቀምጣለች። እንድትመጣ አልለመንኋትም፤ መናኸሪያው ላይ ከመኪና ስወርድ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።

ከላይ የሰፈረው ቃል የእኔ መሆኑን፣ በእጄ ጽፌ ድጋሚ ተነቦልኝ ማረጋገጤን፣ ማንም አስገድዶኝ ወይም አባብሎኝ ያልሰጠሁት መሆኑን፣ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ መፈረሜን አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ፈዲላ ኢስሃቅ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ሙላት

ዱዓ እንዲደረግለት ልጻፍ ብዬ ነበር። ሃምሳ አለቃ ጸሎት በምስክር ቃል ውስጥ አይገባም አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ ከፊርማው በታች ያለውን እኔ አላነብም ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ስለዚህ እዚህ ጻፍሁት። ይህን ወረቀት የምታነቡ፣ ዳኛም ሁኑ ጸሐፊ፣ ዛሬም ይሁን እኔ ከሞትሁ በኋላ፣ እባካችሁ ስሙን አንድ ጊዜ ጥሩት፤ ሙዘይን ኑርዬ ይባላል። እስላሙ አላህ ይዘንለት በሉልኝ። ክርስቲያኑም እግዜር ነፍሱን ይማር በሉልኝ። አብራችሁት ኖራችኋልና አይከፋውም።